በአያቴ ክፍል የተዘረጋው ሁለተኛ አልጋ

አያቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ አጥባለች። ከዋናው ሐኪም እስከ በር ጠባቂው በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ለሁሉም «እማማ አንሶላ» ነበረች። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። ሦስት ትልልቅ ማሽኖች ግድግዳውን ተደግፈው ሲያጓሩ ይውላሉ፤ የቆሸሸው በአንዱ በር በጋሪ ይገባል፣ የተተኮሰው በሌላው ይወጣል፤ እንፋሎቱ ፊት ለፊት የቆመ ሰው እንኳ አያሳይም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዛኝ ትሄድ ስለነበር ዛሬም በረኪና ሲሸተኝ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ሆኖ ነው። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋም ሁለቱን፤ ወጠር ያደርጉትና ተቀራርበው ጫፍ ለጫፍ ያገጥሙታል። የአያቴ የሥራ ጓደኛ ወፈር ያለች ሳቂታ ሴት ነበረች። አያቴ አንሶላ ባጠፈች ቁጥር ከንፈሯ እንደሚንቀሳቀስ ያሳየችኝ እሷ ናት።

«ለሚተኛበት ሰው እየጸለየች ነው» አለችኝ። «ከእሷ ጋር ስሠራ ኖሬ እኔም ሳልወድ በግዴ ልጸድቅ ነው።»

አያቴን ጠየቅኋት። «ማን እንደሚተኛበት ሳታውቂ እንዴት ትጸልይለታለሽ?»

«እኔ ባላውቀው የሚያውቀው አለ» አለችና ቀጣዩን አንሶላ አነሳች።

ሥራ ሲያልቅ እጇን ታጥባ፣ ንጹሕ ሻሽ አስራ ወደ ፎቅ ትወጣለች። በየክፍሉ በር ላይ ነርሶቹን የምትጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዛሬ ጠያቂ ያልመጣለት ማነው?» ከዚያ ሄዳ እሱ አጠገብ ትቀመጣለች። ለአንዱ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች፣ ሌላውን ሾርባ በማንኪያ ታጠጣዋለች፣ የአንዱን ወሬ ብቻ ሰምታ ትነሳለች። ምሳዋን ግማሹን ሳትበላ ትይዝ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ይህን ስል ለስላሳ አሮጊት እንዳትመስላችሁ። ቁጡ ነበረች። ዳር ለዳር ያልገጠመ አንሶላ ካየች በትና እንደገና ታሳጥፋለች። ካርታ ስትጫወት ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ ታጭበረብራለች፤ ስትያዝም «እርጅና ነው፣ አላየሁትም» ትላለች።

ወንድ አያቴን አላውቀውም። የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። እናቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ጠዋት ቱታውን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። የሄደው ሩቅ አይደለም፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ጸጉር ቤት ያላት ሴት ዘንድ ገባና በዚያው ቀረ። የእናቴ የትምህርት ቤት መንገድ በጸጉር ቤቱ ፊት ለፊት ያልፋል። በመስታወቱ ውስጥ አባቷን እያየችው ነው ያደገችው፤ እሱ ግን ሲያያት አንገቱን ይደፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጸጉር ሠሪዋ በእናቴ አፍ «ያቺ» ሆና ቀረች። አያቴ ደግሞ ስለ እሷ ክፉም ደግም ተናግራ አታውቅም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ አያቴ፣ እናቴና እኔ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ወንድ አያቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን አያቴ ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቴ ልብስ እየተኮሰች ነበር።

«እሷን አገኘኋት» አለች አያቴ።

«ማንን?»

«ጸጉር ሠሪዋን። ግማሽ ጎኗ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቷም ተይዟል። ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ አንድም ሰው ብቅ አላለም። ነርሷን ጠያቂ የሌለው ማነው ብላት እሷ ጋ ወሰደችኝ።»

እናቴ ካውያውን አቆመችው። «እና አየሻት። ይበቃል።»

«ሐኪሞቹ ካሁን በኋላ የምናደርግላት የለም፣ ሰው ይረከባት ብለዋል። የሚረከባት የለም። ነገ ላመጣት ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«የትኛው ቤት?» አለች እናቴ። «የማንን ቤት ነው ያፈረሰችው? እሷ ናት እዚህ የምትተኛው?»

«እኔ ክፍል ነው የምትተኛው። አንቺ እንድትነኪያት አልጠይቅሽም።»

እናቴ ደሟ ፈልቶ ብዙ ተናገረች። አያቴ እስክትጨርስ አዳመጠቻትና ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ግድግዳው ሥር ተንበርክካ እንደወትሮዋ ጸለየች። ያን ዕለት ብቻ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ረጅም ጊዜ ስትቆይ አየኋት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አራት የልብስ ማጠቢያ ሴቶች ጸጉር ሠሪዋን በብርድ ልብስ ይዘው ገቡ። ሳቂታዋ የአያቴ ጓደኛ በአንደኛው ጫፍ ነበረች። ቀስ ብለው ሁለተኛው አልጋ ላይ አሳረፏት። የእኔ አልጋ ነበር፤ እኔ ወደ እናቴ ተዛወርኩ። የጠበቅኋት የተቀባባች፣ ቆንጆና ክፉ ሴትዮ ነበር። የመጣችው ግን ከሲታ፣ አፏ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ አሮጊት ናት። አያቴ ጎንበስ ስትልባት ጤነኛው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፊቷን ለማዞር ሞከረች፣ አንገቷ ግን እምቢ አላት።

አያቴ ያኔ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ቀርቷት ነበር። ጠዋት ከመሄዷ በፊት ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፤ ምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ትመግባታለች። ለከሰዓቱ ጎረቤታችን ያለችው ጡረተኛ አስተማሪ ብቅ ትልላት ነበር። እናቴ በዚያ ክፍል በር ስታልፍ ወደ ግድግዳው ነበር የምትመለከተው።

አንድ እሑድ አያቴ የጸጉር ሠሪዋን ጸጉር ልትሠራ ተቀመጠች። አያቴና የጸጉር ሥራ አይተዋወቁም። አንዱን ጉንጉን አወፈረችው፣ ሌላውን አቀጠነችው፣ መሐሉ ላይ መስመሩ እባብ መስሎ ቀረ። መስታወት አምጥቼ አሳየኋት። ጸጉር ሠሪዋ ራሷን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ግማሽ አፏ ተከፈተና ያልተለመደ ድምፅ አወጣች። የታመመች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። አያቴም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ሙያሽን አዋረድኩት አይደል?» አለቻት።

የዚያን ዕለት፣ ሕመምተኛዋ ካሸለበች በኋላ፣ ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኋት። «አያቴ፣ ትወጃታለሽ?»

ማበጠሪያውን አጸዳች። «አልዋሽሽም» አለች በመጨረሻ። «ያመጣኋት ሰሞን ስሟን በጸሎቴ መጥራት አቅቶኝ ነበር። ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስጸልይ የኖርኩት ሴትዮ፣ እሷ ጋ ስደርስ ስሟን እዘላለሁ። ‹የዚያኛዋንም አልጋ አስብ› እያልኩ ነበር የማልፈው።»

«ታዲያ ለምን አመጣሻት?»

«ልቤ እስኪራራ ብጠብቅ ጀርባዋ ቆስሎ ታልቅ ነበራ። እጄን አስቀደምኩት።»

«ልብሽስ?»

«ስድስት ወር ፈጀበት» አለችኝ፤ ስለዘገየ አውቶቡስ የምታወራ ነበር የምትመስለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ደግነት ለአያቴ እንደ መተንፈስ የሚቀልላት ይመስለኝ ነበር። በየጠዋቱ ያን ውሃ አሙቃ፣ ያን ፎጣ ይዛ ወደዚያ አልጋ ስትራመድ ምን ተሸክማ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ካወቅሁ በኋላ እሷን ቀና ብዬ ማየት ለጥቂት ቀናት አስፈራኝ።

በሁለተኛው ዓመት አያቴ ማጠቢያው ውስጥ እርጥብ ወለል አንሸራትቷት ወገቧ ተጎዳ። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳትነሳ አላት። አሁን በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የማይነሱ ሴቶች ሆኑ። በመጀመሪያው ጠዋት እናቴ ለአያቴ ቁርስ አስገብታ ልትወጣ ስትል አያቴ ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ወጣችና ሳፋ ሙሉ ሙቅ ውሃ ይዛ ተመለሰች። እኔ ለትምህርት ቤት እየለበስኩ በተከፈተው በር አያለሁ። ጸጉር ሠሪዋን አገላበጠቻት፣ ጀርባዋን አጠበችላት፤ አያያዟ ሻካራ ነበር፣ ግን አልጣደፈችም።

ጸጉር ሠሪዋ ያኔ ቃላት አንድ በአንድ መመለስ ጀምረውላት ነበር። «እኔ… እናትሽን…» አለችና አረፍ አለች። «እየፈራኋት… ነው የኖርኩት።»

«እሷን?» አለች እናቴ። «ዝንብ እንኳ ገድላ አታውቅም።»

«ለዚህ… ነው… የፈራኋት።»

እናቴ ፎጣውን ጨመቀች። ከወዲያኛው አልጋ አያቴ ዓይኗን ጨፍና የተኛች መስላለች፤ ካርታ ስታጭበረብር የምታሳየውን ፊት ግን አውቀዋለሁ።

እናቴ በዚያ ቀን «ይቅር ብዬሻለሁ» አላለችም። በማግስቱ ግን ጉንጉኖቹን ፈትታ እንደ ደንቡ ሠራችላት። ከዚያ ወዲያ ጸጉር የእሷ ሥራ ሆነ። አንድ ጊዜ ስታበጥራት ስለ አባቷ ስትጠይቃት ሰማሁ፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን ብሎ እንደሞተ። በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ።

ጸጉር ሠሪዋ በአያቴ ክፍል ሰባት ዓመት ኖራ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አያቴ ሻይ እያጠጣቻት ሳለች፣ ጸጥ ብላ አረፈች። የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ሦስታችንም ሄድን። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ቀና አለ።

«ለሟች ምኗ ነዎት?»

አያቴ አሰበች። ለመዋሸት እንዳልሆነ ያስታውቅባት ነበር፤ ትክክለኛውን ቃል እየፈለገች ነው።

«እህቷ ነኝ» አለች።

ጸሐፊው ሁለቱን መታወቂያዎች አስተያየ። «የአባት ስም አይገጥምም እኮ፣ እማማ።»

«አይገጥምም» አለች አያቴ።

እናቴ ወደ ጸሐፊው መስኮት ጠጋ አለች። «ወንድሜ፣ አክስቴ ናት። ጻፍልን» አለችው። የእናቴን ፊት አይቶ ጻፈ።

አያቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። ወገቧ ተንበርክኮ መነሳት ሲከለክላት ተቀምጣ ትጸልይ ነበር፤ እኔ ሥራ ይዤ ስወጣም ስገባም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ስትሞት የቤታችን በር ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ተሰለፉ። በክራንች የመጣ ነበር፤ ልጇን አዝላ የመጣች ነበረች። አንድ ረጅም ሽማግሌ እናቴን አቅፎ «ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ጥፍሬን ቆርጣልኛለች» አላት። እናቴ ትንሽ ጠጋ አለችና በአጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።