ጀሪካን ፈታሹ አያ ፈንታ

ጠዋት ድሮ አብራኝ የሠራች ልጅ ደውላ «አያ ፈንታ አረፉ» ስትለኝ ከአፌ የወጣው «አይተሽ ነው ሰምተሽ?» የሚል ነበር። የራሳቸው ጥያቄ። እሷም ገብቷት አለቀሰች። እኔ አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፣ አያ ፈንታ ጎንደር ውስጥ አንድ ፕላስቲክ ፋብሪካ የጀሪካን ጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ተማሪ ሆኜ ለኢንተርንሺፕ የተመደብኩት እሳቸው ጋ ነው። በየሰዓቱ ከማሽኑ አምስት ጀሪካን ታነሳላችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ ትዘቀዝቃላችሁ፣ ካላንጠባጠበ ቅጹ ላይ ራይት ታደርጋላችሁ። ወለሉ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው።

ማሽን ተበላሸ ቢሏቸው፣ ቅቤ ተወደደ ቢሏቸው፣ መልሳቸው ያችው ናት፤ «አይተህ ነው ሰምተህ?» እኛ ተማሪዎቹ ድምፃቸውን እየኮረጅን እንስቅ ነበር።

የእኔ ሐሳብ ሁሉ ሪፖርቱ ላይ ነበር። የሚያፈስ ጀሪካን በየሳምንቱ እየቀነሰ መሄዱን የሚያሳይ ግራፍ ሠርቼ አድቫይዘሬን ላስደንቅ! አንድ ቀን ከሰዓት ግራፌን ሳሳምር የፍተሻው ሰዓት አለፈኝ። ቁጭ ብዬ ያለፉኝን ሰዓታት በሙሉ ሳልፈትሽ ራይት በራይት አደረግኳቸው።

አያ ፈንታ መጡና ግራፉን አዩት።

«መስመሩስ ሸጋ ነው። ምነው ታዲያ ወለሉ ደረቀ?»

ቅጹን አንስቼ ራይቶቹን አሳየኋቸው።

«አይተሽ ነው ሰምተሽ?»

«አይቼ ነው» አልኩ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

«አልፏል» ካልኩት ክምር አንድ አንስተው ሞሉና ዘቀዘቁት። ጠብ፣ ጠብ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የልምምድ ውጤቴን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ዓመቱን እደግም ነበር።

«ያንችን ወረቀት መፈረም አያቅተኝም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከምንጭ ቀድታ ዳገት ስትወጣ ጀርባዋ የሚርሰው ሴት ግን አትፈርምልሽም። በይ ነይ፣ ውሃ ቅጅ።»

የከሰዓቱን ምርት አንድ በአንድ ፈተሽነው፤ እሳቸው ይሞላሉ፣ እኔ እዘቀዝቃለሁ። ጫማዬ ረጥቦ ሰርቪስ ገባሁ። ለማንም አልተናገሩብኝም።

ያ ያማረ መስመር ግን መጨረሻው ላይ ሽቅብ ወጣ። አድቫይዘሬ «አሻሽይ ብለን ልከንሽ ምነው ብሶበት?» ሲሉኝ «ማየት ስለጀመርኩ ነው» አልኩ። አያ ፈንታ ይህን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ዛሬ እኔም የምተዳደረው በጥራት ቁጥጥር ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳላይ የፈረምኩት አንድ ወረቀት የለም። ይህን ልነግራቸው ነበር። ለጥምቀት ስመጣ፣ ለፋሲካ ስመጣ እያልኩ ቀረሁ። ይቆጨኛል።

አያ፣ ቀብርዎ ዛሬ አገርዎ ኮሶዬ ነው አሉኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ማረፍዎን ሰምቼ ነው እንጂ አላየሁም፣ ሳላይ ደግሞ አልፈርምም። እዚያው መጥቼ ልይና፣ ያኔ ደህና ይሁኑ እልዎታለሁ።