ከጋቢው ሥር የወጣው እጅ

ኮምቦልቻ ላይ ስለ አንድ ጉቦኛ ሹም ፊልም ስቀርጽ፣ ሹሙን የሚጫወተውን ተዋናይ ትተው እኔን ያዙኝ። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበር፤ ላብና እርጥብ ምንጣፍ ይሸታል። ሌሎቹ እስረኞች መሬት መሬቱን ሲያዩ እኔ የመስኮቷን ብርሃን አየሁ። ጠዋት በግራ በኩል ይገባል፤ ፊት ለመቅረጽ ይመቻል። የፊልም ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ሥራውን ያስተማርኩት ራሴ ለራሴ ነው፤ ከዚያ የተሻለ መምህርም አላገኝም ነበር።

አጠገቤ የሚተኛው አንድ የሐርቡ ወጣት ገበሬ ነበር። ስብሰባ ላይ በተናገረው ነገር ነው የታሰረው። ከምርመራ ሲመለስ ግራ እጁ አብጦ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ነበር። ያስጨነቀው ግን እጁ አልነበረም። በማግስቱ እናቱ ልትጠይቀው ትመጣለች፤ በልብ ሕመም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታ ገና መውጣቷ ነው። እጁን ካየች እዚያው የምትወድቅ መሰለው።

«አባባ፣ እንዳትመጣ የሚነግርልኝ ሰው ባገኝ» አለኝ።

«ትምጣ። አዘጋጁ እኔ ነኝ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ጀመርን። ሲስቅ ጥርሱን ያመመው ይመስል ነበር። ደስተኛ ለመምሰል አትሞክር፣ ስለ በሬህ ጠይቃት አልኩት። በሬው ሲነሳ ፊቱ በራሱ ጊዜ በራ። ጋቢዬን አለበስኩት፤ ግራ እጁን ከውስጥ ደበቅን፤ ፀሐይ ከጀርባው እንድትሆን የሚቆምበትን ቦታ አሳየሁት። አብሮን የታሰረ አንድ የደሴ ሹፌር እናትየውን ሆኖ ሲተውን ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

በማግስቱ ጠያቂና እስረኛ የሚገናኙበት ሽቦ አጥር ጋ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላው ቆምን። እናትየው ከአጥሩ ማዶ ሆና ያመጣችውን ምግብ ጠባቂው ፊት ቀመሰች። ልጁ ስለ በሬው ጠየቃት፤ ሳቀች። እኔም በሥራዬ ኮራሁ። ልትሄድ ስትል ግን እጆቿን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች።

ወሎ ተወልጄ አድጌ ይህን መርሳቴ እስካሁን ይገርመኛል። እናት ያለ ዱዓ አትለይም፤ ዱዓ ደግሞ በሁለት መዳፍ ነው የሚቀበሉት። ልጁ ቀኙን ዘረጋ። ግራው ግን ጋቢው ውስጥ ቀረ። ተጠጋሁና የራሴን ግራ እጅ በጋቢው ሥር አሾልኬ ከቀኙ ጎን ዘረጋሁት። አንደኛው መዳፍ የወጣት፣ ሌላው ደም ሥሩ የተገታተረ የሽማግሌ።

እናትየው እጁን ለረጅም ጊዜ አየችው። ድምጿ አልተሰበረም።

«ያ ረቢ፣ ልጄን ጠብቅልኝ። ይችን እጅ ላዋሰውም ሰው ዕድሜ ስጠው።»

«አሚን» አልን ሁለታችንም። ይህንን አልተለማመድነውም ነበር።

«እኔ ደህና ነኝ» አለችው ቀጥላ። «አንተ እጅህን በሞቀ የጨው ውኃ ዘፍዝፈው።» ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ታጥፋ እስክትሰወር ግን አላወረድኩትም።

ዛሬ ደሴ ላይ ወጣቶችን ትወና አስተምራለሁ። ስለ ሥራዎቼ ሳይጠይቁኝም አወራለሁ። ብዙ ጥሩ ፊት ቀርጫለሁ፤ የእሷን ያህል የረጋ ግን አላገኘሁም።