ከማተቡ ጋር ያሰረው ማኅተም

በፋሲካ ሳምንት ደባርቅ ልኳንዳ ቤት ገብቶ ሽሮ የሚያዝዝ ሰው ምን ይባላል? የካኪ ኮቱን እጅጌ ሐምራዊ ቀለም ነክቶታል። አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ማኅተም አስሯል። የከተማው ሥጋ መርማሪ ነው አሉኝ። አምና ለውይይት ክበብ ዳባት ሲጠራ ማኅተሙን ለሥራ ባልደረባው አደራ ሰጥቶ ሄደ። ሲመለስ፣ ኮሶ አለበት ብሎ እንዲቀበር ያዘዘው በሬ በዚያው ማኅተም አልፎ ተበልቷል። ማኅተሙ የእሱ ነውና የተቀጣው እሱ ሆነ።

ያ ባልደረባው ዛሬ ከጎኑ ተቀምጧል። ጥሬ ሥጋ አዋዜ አስነክቶ እጁን ዘረጋለት።

«ጾሙ እኮ ተፈቷል፣ ጓድ። በሞቴ አንዴ ጉረስልኝ።»

ሰውዬው ማኅተሙን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።

«እጅህን አንዴ አምኜዋለሁ» አለው፤ «ይበቃኛል።»