ከል የታሰረበት ተርባይን

ጠዋት፣ ከደሴ

በየካቲት ከደሴ የተነሳሁት የንፋስ ተርባይን ልነቅል ነው። የሟቹ ጓደኛዬ የሲሳይ እናት፣ እትዬ ብርቄ፣ በጎረቤት ስልክ «ያንን ነገር መጥተህ ንቀልልኝ» አሉኝ። ሲሳይን በክረምቱ የጥቂት ቀን ሕመም ነው የወሰደብን። ልጅ ሳለን ወረቀት አጥፈን፣ መሃሉን በእሾህ ወግተን፣ አገዳ ጫፍ ላይ ሰክተን ከንፋሱ ጋር እንሮጥ ነበር። እኔ አድጌ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆንኩ፤ እሱ መጫወቻውን አልተወም። ከሞተር ብስክሌት ዲናሞና ከተሰነጠቀ የውሃ ቱቦ ተርባይን ሠርቶ ለእናቱ ቤት መብራት አስገባ። እውነቱን ለመናገር ንቀል ስባል ተናድጃለሁ። ከእጁ ሥራ የቀረን ይኸው አንዱ ነው! መንገዱን ሙሉ ማግባቢያ ቃል ስፈልግ ነበር።

አቀስታ

አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያመጡልኝ ሽሮ ቀዝቅዟል፤ ዋጋው ብቻ ያቃጥላል። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ አቧራ፤ እንደገና ባሕር ዛፍ።

ከመካነ ሰላም ወዲያ

መካነ ሰላም ወርጄ በወግዲ በኩል ባጃጅ ያዝኩ። «ሲሳይ ቤት?» አለኝ ባለባጃጁ። «የስልካችንን ባትሪ የሚሞላልን እሱ ነበር። ነፍሱን ይማር።» መንገዱ ሲያልቅ በእግሬ ወጣሁ።

ተርባይኑ ከምሰሶው ላይ በጥቁር ጨርቅ ተጠፍሮ ቆሟል። ክንፉም ጭራውም።

«ከቀብር ስንመለስ እኛ ነን ያሰርነው» አሉኝ ጎረቤታቸው ሼህ እንድሪስ። «ለቅሶ ቤት ላይ ሲያፏጭ ነውር አይደል እንዴ? እናቱ ከል ሳያወልቁ ማን ይፍታው?»

«ሼህ፣ ጭራውን ባታስሩት ምን ነበረበት? ወደ ንፋሱ የሚያዞረው እኮ እሱ ነው። በጎኑ እየተመታ ምሰሶውን ሊሰብረው ነው!»

«ያረብ! ለክብሩ ብለን ነው፤ ምን አውቀን።»

እትዬ ብርቄ ከሲታ ሆነዋል። እግዜር ያጽናዎት ብዬ ያዘጋጀሁትን ልመና ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«አትለማመጠኝ። ሌሊት ንፋስ በመጣ ቁጥር እንጨቱ ሲንቋቋ ልጄ የተነሳ ይመስለኛል። እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!»

«ታስሮ እኮ ነው የሚንቋቋው፤ ሲፈታ ይተዋል።»

«ንቀልልኝ አልኩ።»

ለማውረድም ቢሆን መጀመሪያ መፍታት ነበረብኝ። ምሰሶው ላይ ወጥቼ የመጨረሻውን ቋጠሮ ስፈታ ንፋሱ ቀድሞኝ ክንፉን አሽከረከረው። ወዲያው ከቤት ውስጥ ጩኸት ሰማሁ፤ ወርጄ ሮጥኩ። ከሲሳይ መኝታ በላይ ያለው አምፖል በርቷል። ማብሪያውን ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ እሱ ሳያጠፋ እንደተወው ነበር። እትዬ ብርቄ የቤቱን ምሰሶ ይዘው ቆመዋል።

«መጣ እንዴ?» አሉኝ።

አለቀስኩ። ሼህ እንድሪስ «አብሽሪ እህቴ፣ አይዞሽ» እያሉ ከመደቡ ላይ አስቀመጧቸው።

«በራሱ እስኪጠፋ ልየው» አሉ እትዬ ብርቄ።

አመሻሹ ላይ ንፋሱ ረገበ፤ አምፖሉ እየደከመ መጥቶ ጠፋ። ልባቸው የራራ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«አሁን ንቀለው።»

«እትዬ፣ ሲበራ አይተው?»

«የጎደለኝ አምፖል አይደለም ልጄ።» ወደ ሼሁ ዞሩ። «ቁርአን የሚቀሩት ልጆችዎ በእሳት ብርሃን አይደል የሚያነቡት? እርስዎ ይውሰዱት።»

በማግስቱ ተሸክመን ከቤታቸው በታች ካለው ወንዝ ማዶ፣ ከሼህ እንድሪስ ግቢ ተከልነው። እትዬ ብርቄ አልተከተሉንም።

ደሴ

ቤቴ ከገባሁ በኋላም ተከፍቼ ነበር። ለሲሳይ ሥራ የሚቆረቆር እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እናቱ ስለ እንቅልፍ ሲያወሩ እኔ ስለ ዲናሞ ስሟገት ነው የዋልኩት። ይሄ የገባኝ ትናንት ነው። ሼህ እንድሪስ ጋ ደውዬ መብራቱ ደህና ነው ወይ ስል ጠየቅኋቸው።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «እናቱም መተኛት ጀምረዋል። ማታ ኃይለኛ ንፋስ ነበር፤ አልሰሙትም።»