ከቅበላው በፊት የወደቀችው አጋዘን

ባሌ አዳኝ ነኝ ይል ነበር። አባቱ አዳኝ፣ አያቱ አዳኝ፣ የአያቱ ውሻ ሳይቀር አዳኝ። እኔ የማውቀው ባሌ ግን ሚድታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ወደ ኋላ ሲያስገባ ከግንብ ጋር የሚያላትም ሰው ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ አትላንታ ውስጥ ያለነው ሐበሾች ጥቂት ስለነበርን፣ ሰው የፈለገውን ነኝ ቢል የሚያስተባብለው አልነበረም። አንዱ የጄኔራል ልጅ፣ ሌላው የባላባት ዘር፣ የኔ ባል ደግሞ አዳኝ።

ጉራው ጉራ ሆኖ ቢቀር ማንንም አይጎዳም ነበር። ጣጣው የመጣው መሪጌታ ፊት ስለጎረረ ነው።

መሪጌታ ከሱዳን ስደተኛ ጣቢያ ከእኛ ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ማታ ማታ ቢሮ ያጸዳሉ፣ ቀን ቀን ዳዊት ይደግማሉ። ካገር ከወጡ ወዲህ ሥጋ በአፋቸው አልዞረም። የሱቁን ሥጋ ማን እንዳረደው፣ ምን ብሎ እንዳረደው ስለማይታወቅ ከበክት ለይተው አያዩትም። እኛ ሌሎቻችን መጀመሪያ እንደሳቸው አንነካም አልን፣ ከዚያ ዶሮ ብቻ አልን፣ ከዚያ ሁሉንም በላን። እሳቸው ከምስራቸው ጋር ቀሩ። ከመክሳታቸው የተነሣ የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸውን አይነካም ነበር።

አንድ እሑድ እቤታችን ቁጭ ብለን የሥጋ ነገር ተነሣ። መሪጌታ፣ "የነቢያት ጾም ሳይገባ አንድ ጊዜ በስመ አብ ተብሎ የታረደ ብቀምስ፣ ከዚያ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝ" አሉ። ጥርሳቸው ሳቀ፣ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ባሌ ደረቱን ነፋና ለቅበላው እኔው አድኜ፣ እኔው አርጄ አበላዎታለሁ አላቸው። እጁን ይዘው መረቁት። እኔ በልቤ ላም አለኝ በሰማይ አልኩ።

የማደኛውን ቦታ ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። ዲኬተር አጠገብ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር የምሠራው። እዚያ ገላዋን የማጥባት፣ የማጎርሳት አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ባሏ በየቀኑ እየመጣ ይጠይቃታል። ከከተማው በስተደቡብ ጫካም ወንዝም ያለው ሰፊ መሬት ነበረው። የዚህ ፈረንጅ ወሬ አንድ ነው፤ አጋዘኖቹ። እሱ ልጅ ሳለ ባገሩ አጋዘን አይታይም ነበር። በኋላ ከሌላ ቦታ አምጥተው ለቀቁ፣ ተዋለዱ፣ በዙ፣ አሁን ጫካውን ግጠው ጨርሰው እርስ በርሳቸው እየተሻሙ ነው። ጎናቸው ይቆጠራል፣ ጉበታቸው በትል ተበልቷል። አዳኝ የተባለው ሁሉ ቀንድ ስለሚያምረው ወንድ ወንዱን ይገድላል፤ ሴቶቹ ደግሞ በየዓመቱ መንታ ይጥላሉ። መንጋው ጤና እንዲያገኝ ሴቶቹ መቀነስ አለባቸው፣ እኔ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል ይለኝ ነበር። ቀበሌ ውስጥ ተኩስ ተምሬ እንደነበር አንድ ቀን ሳጫውተው፣ እንግዲያው ባልሽን ይዘሽ ነይ አለኝ። ላይሰንስ አወጣንና ከቅበላው በፊት ባለው ቅዳሜ ማለዳ ሄድን።

ጎተራው ውስጥ የአጋዘን መንጋጋ በሽቦ ተሰክቶ እንደ በርበሬ ዛላ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ከተገደለው ሁሉ መንጋጋውን ያስቀራል፤ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ያውቃል። ሕጉን ነገረን። ባለቀንድ አይነካም። ከሲታዋን፣ ያረጀችውን ምረጡ። የሚመታው ከትከሻዋ ኋላ፣ ልቧ ላይ ነው፤ የተኩሱን ድምፅ ሳትሰማ ትሙት። እኔ አስተረጎምኩ። ባሌ እሺ፣ እሺ አለና በአማርኛ የራሱን ሕግ አወጣ።

"ልቧን ከመታሻት በክት ነው። ከወገቧ በታች ምቻት። መሮጥ ካቃታት ይበቃል፣ እኔ ደርሼ አርዳታለሁ።"

ፈረንጁ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ገብቶኛል ነው የሚለው አልኩት።

ለሁለታችንም ብርቱካንማ ሰደርያ ሰጠን። ባሌ እንደ መንገድ ሠራተኛ የለበሰ አዳኝ የት ታይቶ ያውቃል ብሎ አጉረመረመ። ወንዙ አጠገብ ካለ ማማ ላይ አወጣውና ጠመንጃ ሰጠው፤ ተኩስ ከሰማህ ና፣ ካልሰማህ ከቦታህ አትነቃነቅ ተባለ። ቢጠሩት የሚሰማ ቦታ ነው። ለእኔም ሌላ ጠመንጃ ሰጠኝና፣ እኔና ፈረንጁ ከሜዳው ዳር፣ ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀመጥን።

ብርዱ ጣቴን ሊያስረሳኝ ሲል ወጡ። ሁሉም ሴቶች ናቸው። ከኋላ የቀረችው የዳሌዋ አጥንት እንደ ድንኳን ቆዳዋን ወጥሮታል። ሣሩን ታሸታለች እንጂ አትበላም። ፈረንጁ በአገጩ እሷን አመለከተኝ። ልቧ ያለበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። አፈ ሙዙን ወደ ኋላ ሳብ አደረግኩና ዳሌዋን አልኳት።

አልሳትኩም። ከወገቧ በታች ያለው ሁሉ ባንዴ ሞተ፤ ከወገቧ በላይ ያለው ግን አልሰማም። በፊት እግሮቿ መሬቱን እየቧጠጠች የማይታዘዛትን ገላ ትጎትታለች። ከዚያ ጮኸች። አጋዘን ድምፅ ያላት አይመስለኝም ነበር፤ ከእናቷ እንደተለየች ግልገል ነው የጮኸችው።

ፈረንጁ እጄ የከዳኝ መሰለው። ያጋጥማል፣ ቶሎ ድገሚያት አለኝ። ባሌ ይምጣ አልኩ። ለምን አለ። ነፍሷ ሳይወጣ ጸሎት ተደርጎ መታረድ አለባት፣ ያለዚያ አትበላም አልኩት። ይኼ ገባው፤ ቢላውን ከወገቡ አውጥቶ በእጀታው በኩል ዘረጋልኝ። ሴት አታርድም አልኩት። እንግዲያው እኔ ልጨርሳት ብሎ ሊነሣ ሲል፣ አንተም የእኛ ሃይማኖት ሰው አይደለህም፣ ከነካሃት ሁሉም ከንቱ ነው ብዬ ፊቱ ቆምኩ። ቢላው በሚንቀጠቀጥ እጁ ላይ ቀረ።

ባሌን ጠራሁት። ደግሜ ጮኼ ጠራሁት። ጫካው ሁሉ ዝም አለ።

አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆነች። ወደ ቁጥቋጦው ልትገባ ስትሳብ ሄጄ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ያዝኳት። አዝኜላት እንዳይመስላችሁ፤ እንዳትጠፋብኝ ነው። ትንፋሿ የእጄ አንጓ ላይ ይሞቃል። ቆዪ እንጂ፣ ትንሽ ቆዪ እላታለሁ። አትሙቺ የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን በጭካኔ ተብሎ አያውቅም።

ፈረንጁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳይዞር፣ "ሚስቴንም እንዲህ ነው የምትይዢያት?" አለኝ።

አንገቷ እየከበደኝ ሄደ፣ ከዚያ አንጓዬ ላይ ይሞቅ የነበረው ትንፋሽ ቆመ።

ባሌ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከማማው በኩል ሳይሆን ከማዶው ጫካ፣ ፀጉሩ ላይ ቅጠል ይዞ፣ እያለከለከ። እንዲህ የሚያክል ቀንድ አየሁ፣ ተከትዬው ወንዙን ተሻግሬ ነበር አለ፤ ክንዶቹን ዘርግቶ አሳየኝ። የከሳች ሴት አጋዘን ለእንግዳ አትቀርብም ብሎ ነዋ፣ አዳኝ አይደል። አልቃለች አልኩት። ጎንበስ አለና በጣቱ ዓይኗን ነካ። አልጨፈነችም።

አወቀ። አውቆ ከፈረንጁ እጅ ቢላውን ወሰደ፣ ፀሐይዋን አይቶ ጭንቅላቷን ወደ ምሥራቅ አዞረ፣ በስመ አብን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ረጋ ብሎ አለ፣ ሬሳውን አረደ። ደሙ እንደ አተላ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ወዲያው ቆመ።

"ስደርስ ነፍስ ነበራት" አለኝ። እየጠየቀኝ አልነበረም።

ፈረንጁ ሆዷን ከፍቶ ጉበቷን አሳየኝ፤ በጥቋቁር ጉድጓድ ተበሳስቷል። ይህን አትንኩ፣ ሌላው ይበላል ብሎ ወረወረው። መንጋጋዋን ሲያወጣ ጥርሷ እስከ ድዷ ተበልቶ አልቋል። ይህቺ ክረምቱን አትሻገርም ነበር፣ በረሃብ ብትሞት ግን ከዚህ ይሻላት ነበር አለ። ሥጋውን የመጣንበት ትራክ ላይ ጫነልን፤ ሁለተኛ ወደዚህ እንዳንመጣም ነገረን። ሰኞ ሥራ ስገባ የሚስቱ ክፍል ለሌላ ሠራተኛ ተሰጥቶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ ሰላም አይለኝም።

የቅበላው ዕለት ሥጋውን ደጋግሜ አጠብኩት። ውሃው ይቀላል፣ እደፋለሁ፣ ደግሞ ይቀላል። የበክት ደም ታጥቦ አያልቅም። ባሌ ትከሻዬ ላይ ሆኖ አየና ጥሬው ይቅር፣ ወጥ ይሁን፣ በርበሬውን ግን ደፋ አድርጊበት አለኝ።

ወዳጆቻችን መጡ፣ መሪጌታም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ጥሬ የጠበቁት እንግዶች ወጥ ሲያዩ ቅር አላቸው። ያኔ ባሌ የአጋዘን ሐኪም ሆነ። የዚህ አገር አጋዘን ጤና የለውም፣ በዝቶ ተርቧል፣ ጉበቱን ትል በልቶታል፣ ጥሬ ከበላችሁት ቀጥታ ኢመርጀንሲ ነው የምትገቡት እያለ ከፈረንጁ የሰማውን ሁሉ ዘረገፈው። ሲዋሽ እንኳ እውነቱን ከሰው ነው የሚበደረው። እነሱም እግዜር ያውጣን ብለው አመሰገኑት።

መሪጌታ ባረኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ብዙ አቆዩት። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ፣ ዋጡ፣ እጃቸው ትንሽ ቆመ። ከዚያ በሉ። ቀና ሳይሉ፣ ከማንም ጋር ሳያወሩ በሉ። ሰው እንደዚያ ሲበላ ማየት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከሳቸው ላይ አላነሣሁም።

ባሌ ጠጅ ሲቀምስ ወሬው ተለወጠ። አንድ ጥይት ብቻ ነው የተኮስኩት አለ። ሮጬ ደረስኩ፣ ገና ትራገጥ ነበር፣ ቀንድ ቢኖራት ትወጋኝ ነበር አለ። ፈረንጁ እጄን ስሞ ነው የሸኘኝ አለ። አንዱ እንግዳ ገዳይ ራሱን ቅቤ ይቀባ እንጂ፣ ወግ የለም እንዴ አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ ተነሺ እንጂ፣ ባልሽን ቀቢው አለኝ። ሁሉም አጨበጨቡ።

ኩሽና ገባሁ። ቅቤው ፍሪጅ ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። በእጄ ይዤው ቆምኩ። አንጓዬ ላይ ያቺ ትንፋሽ ትዝ አለችኝ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይላሉ፤ ተኩሱም የእኔ፣ ይዞ ማቆየቱም የእኔ፣ ቅቤው የሱ። ደሜ ፈላ። ተመልሼ ቅቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"የተኮስኳት እኔ ነኝ" አልኩ። "እሱ ቀንድ ፍለጋ ሄዶ ነበር። ሲመጣ ሞታ ነበር፤ ያረደው ሬሳ ነው።"

የአንዱ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። አንዷ አፏን ይዛ ወደ ባስሩም ሮጠች። ባሌ ይቺ ሴትዮ አብዳለች ሊል ጀምሮ ዓይኑን ቅቤው ላይ ተከለ። የፈለግሁት ይኼንኑ ነበር፣ ደስም አለኝ። ደስ ያለኝ መሪጌታን እስካይ ነው።

እሳቸው ጣታቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ። ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "አንቺ ልጅ፣ በክትና እርድ የማይለይ አፍ ያለኝ መሰለሽ? የመጀመሪያውን ስውጥ ነው ያወቅሁት" አሉ።

ባሌ ታዲያ ለምን በሉት መሪጌታ አላቸው።

"ርቦኝ ነዋ" አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን ለእግዜር እኔው ራሴ እነግረው ነበር። አሁን ሰው ሰማ።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ላድርስዎት ያላቸውን ሁሉ እምቢ ብለው በእግራቸው ወደ ባቡሩ ሄዱ። ሐበሻ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ አግኝቶ አያሳድርም፤ ጾሙ ሳይጋመስ አትላንታ ያለው ሁሉ በክት የበሉት መሪጌታ ይላቸው ጀመር። ማኅበር ላይ ይባርኩልን የሚላቸው ጠፋ። በኋላ እሳቸውም መምጣቱን ተዉት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ አላመለጠም፣ እኔ ነኝ የለቀቅሁት፤ ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ፣ ባሌ በቅቤ ተቀብቶ ከሚያድር እለቀዋለሁ። እሱም ከዚያ ወዲህ አዳኝ ነኝ ብሎ አያውቅም።

ያን ቀን እንግዶቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ትሪውን አነሣሁ። በሁሉም በኩል የተጀመረው እንጀራና ሥጋው እንደነበረ ቀርቷል። በመሪጌታ በኩል ያለው ብቻ ተጠርጎ ተበልቶ የትሪው ቆርቆሮ ይታይ ነበር።