አዲስ ጫማ የሚያራግፈው ሙሽራ

ወላሂ ይህን ሳልነግራችሁ አላድርም። የሰፈራችን ልጅ መሪማ ጦር ሜዳ ረግጣ አታውቅም። ስለ ወታደር የፈጠራ ታሪክ ጽፋ፣ እዚሁ ከሚሴ አዳራሽ ልታነብ ስትቆም ግን የፊት ወንበሩን የያዙት የድሮ ወታደሮች ናቸው። አንዱማ «ይቺ ቀሚስ ለባሽ ውጊያ ልታስተምረን ነው?» ሲል ሰማሁት። ከሳቁባት ሁለተኛ ብዕር እንደማትነካ አውቃለሁና ላቤ ጠብ አለ።

አነበበች። በታሪኩ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሙሽራ አለ። በሠርጉ ቀን ገና ከሱቅ የመጣ ጫማ ሲሰጡት፣ ጊንጥ እንዳይኖርበት ገልብጦ ያራግፈዋል። ሚዜዎቹ ይስቁበታል።

አዳራሹ ውስጥ ግን የሳቀ የለም። ያ አሽሟጣጭ ዓይኑን እየጠረገ ተነሳ።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እኔም እስከ ዛሬ አራግፋለሁ። የት ነው የዘመትሽው?»

«እኔማ የትም። እትዬ ዘሃራ ናቸው የነገሩኝ» ብላ ጣቷን ወደ እኔ!

ጭብጨባው ቀለጠ፤ ሁሉም ዞሮ ያየኛል። እኔ ደግሞ ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። ለኢድ የገዛውን ጫማ ሲያራግፍ በአጥር ቀዳዳ ያየሁት ጎረቤቴ አያ ሰይድ፣ ዘምቶ ከመጣ ወዲህ ስለ ጦርነት ትንፍሽ ብሎ የማያውቀው፣ እዚያው ከወታደሮቹ መሀል ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ዘሃራ፣ ያንን ቀዳዳ የምደፍንበት ቆርቆሮ ገዝቼ ነበር» አለኝ በሰው ሁሉ ፊት። «ይቅር፤ ለልጅቷ ገና የምታዪላት ብዙ አለ።»