ቀዷ የሌለበት ረመዳን

መጀመሪያ ያመመኝ ብሽሽቴን ነው። አንኮበር ዳገት ልንሠራ ሄደን ቁልቁል ስንመለስ፣ ቀኝ እግሬን ወጋ አድርጎ ለቀቀኝ። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ክለብ ውስጥ የማራቶን ሯጭ ነኝ፤ በዚያ ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ የራሴን ሰዓት ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች ማውረድ ነበር። እግርሽ ይቆረጥና በሌላኛው ሩጪ ቢሉኝ እንኳ እሺ ሳልል አልቀርም።

ለአሰልጣኙ ነገርኩት። «ጅማት ነው ዘሀራ፣ ታሺው» አለኝ። ወጌሻው እስክጮህ ድረስ አሸኝ። ሲያሸኝ ይሻለኛል፣ ስሮጥ ይመለሳል። ራጅ ተነሣሁ፤ ምንም አላሳየም። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ልምምዴ ተመለስኩ። ይህን የምታነቡ ሯጮች ልብ በሉ፦ የአጥንት ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ይችላል። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ሌላም ምልክት ነበረኝ፤ ምልክት መሆኑን ግን አላውቅም። የወር አበባዬ ከቀረ ቆይቷል። እኛ ሴት ሯጮች ሲቀርብን ደስ ይለናል፤ ፎርም ላይ ነን ማለት ይመስለናል። እኔ ደግሞ ሙስሊም ነኝ። በእኛ ዘንድ የወር አበባ ያየች ሴት በረመዳን አትጾምም፤ ያጎደለቻቸውን ቀናት በኋላ ትጾማቸዋለች። ቀዷ የሚባለው እሱ ነው። እኔ ግን ከማፍጠሪያ በፊት እየሮጥኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላጎድል ወሩን ጨረስኩ። ከእኔ በላይ ጎበዝ ያለ አልመሰለኝም።

አልዩ አምባ የምትኖረው እናቴ ከዒድ በኋላ ደወለች።

«ዘንድሮም ቀዷ የለብሽም?»

«የለብኝም እማ።»

«ሳትነግሪኝ አግብተሽ አርግዘሽ እንዳይሆን ብቻ» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

የተሰበርኩት በጫጫ መንገድ ነው። ልወዳደርበት ከነበረው ማራቶን በፊት የመጨረሻው ረጅም ሩጫ ነበር። ጠዋት ነው። ብርድ ነው። እግሬ ቀጭ አለ። ድምፁን ሰማሁት። ወደቅሁ። ልነሣ አልኩ። እግሬ እምቢ አለ። ወደ ውጭ ዞሮ ተጋድሟል። የእኔ አይመስልም።

አንድ ሚኒባስ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ወርደው እኔን አስተኙኝ። አንዲት የማላውቃቸው እናት እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ደብረ ብርሃን ያዙልኝ። መኪናው በዘለለ ቁጥር «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይዤሻለሁ» ይሉኛል። ስማቸውን አልጠየቅሁም። መጠየቅ የሚችል ሰው አልነበርኩም።

ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። ሐኪሞቹ «ፌሞራል ኔክ ፍራክቸር» አሉት፤ የጭን አጥንት ከዳሌ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንገቱ ላይ ተሰብሯል ማለት ነው። ቀዶ ሕክምና አድርገው በብሎን አሰሩት። በማግስቱ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆመ።

«የምንችለውን አድርገናል። የአጥንቱን ራስ የሚመግቡት የደም ሥሮች ተጎድተው ከሆነ ግን አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ያኔ ዳሌሽ በሰው ሠራሽ ይቀየራል።»

«መቼ ይታወቃል?»

«ወራት ይፈጃል። መጠበቅ ነው።»

መጠበቅ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ሲጎድለኝ ልምምድ እጨምር ነበር። አሁን የምጨምረው የለም።

ሌላ ሐኪም መጣች። የወር አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው አለችኝ። አስቤ አስቤ አጣሁት። «ሯጭ ነኝ እኮ» አልኳት፣ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ሰውነትሽ ከምትበይው በላይ ሲያወጣ ሆርሞኑን ያቋርጣል። ሆርሞኑ ሲቋረጥ አጥንት ይሳሳል። ያንቺ አጥንት የአሮጊት አጥንት ሆኗል።»

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ከሆስፒታል ስወጣ እናቴ ከቆላው ወጥታ ደብረ ብርሃን፣ ተከራይቼ ከምኖርበት ክፍል ገባች። ሁለት ብርድ ልብስ ደርባም ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። እሷ አጠበችኝ። እሷ አገላበጠችኝ። ያ ሁሉ አስፋልት የማይበቃኝ ሴትዮ በሰው እጅ ፖፖ ላይ ተቀመጥኩ። ማለዳ የክለቤ ልጆች በመስኮቴ ሥር ሲሮጡ የማን ኮቴ እንደሆነ እለያለሁ። የማራቶኑ ዕለት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዋልኩ። እናቴም ምንም ሳትመክረኝ አጠገቤ ተቀምጣ ዋለች።

ከሁሉ የከበደኝ መብላት ነው። ገንፎ በቅቤ ይቀርባል፤ እኔ የሚታየኝ ኪሎዬ ነው። እያለቀስኩ የዋጥኩበት ቀን አለ። ለክትትል በሄድኩ ቁጥር ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን ያነሣና «ገና ነው» ይላል። የአንዲት አጥንት መኖርና መሞት ይዞኝ ተኛሁ፤ ዱዓ ከማድረግ በቀር ምንም አልቻልኩም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ሐኪሙ ፊልሙን ከወትሮው ረዘም አድርጎ ካየ በኋላ «የአጥንቱ ራስ ደህና ነው» አለኝና፣ በሁለት ክራንች የጀመርኩት እርምጃ ወደ አንድ ወረደ፣ ከዚያም የሰፈሩን ኮብልስቶን እየተጎተትኩም ቢሆን በራሴ እግር እስከ ሱቁ ድረስ መሄድ ቻልኩ።

ረመዳን ሲመጣ ሐኪሟ፣ ስለማልሮጥና ማታና ከንጋት በፊት ሱሑር ላይ በደንብ ስለምበላ፣ እንድጾም ፈቀደችልኝ። ከወሩ አጋማሽ ባለፈ አንድ ቀን፣ የቀትሩ ሶላት ዙሁር ሳይደርስ፣ ከመታጠቢያ ቤት ወጥቼ ደም ማየቴን ለእናቴ ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ከዚያ እየተንደረደረች ምግብ ልትሠራ ገባች። ከእሷ ተደብቄ ልበላ ብል «እዚሁ ፊቴ ብዪ፣ ልይሽ» አለችኝ። ጾመኛ ስለሆነች ወጡን አልቀመሰችውም፤ ጨው በዝቶበታል። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ አንድም ሳላስቀር በላሁት።

እህቶቼ፣ የወር አበባችሁ ሲቀር ፎርም አትበሉት፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብሽሽታችሁን አሟችሁ አልተው ካለ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ሩጫውን አቁሙና ስንጥቁን የሚያሳየው ኤም አር አይ ይታዘዝልን ብላችሁ ጠይቁ፤ እስኪታወቅም አትታሹ። የምታስታምሙም ሰዎች፣ እናቴ እንዳደረገችው በዝምታ አጠገብ መቀመጥ ከምክር ይበልጣል። ሐኪሞቼን፣ የሚኒባሱን ተሳፋሪዎች፣ እግሬን የያዙልኝን እናት አላህ ይስጥልኝ።

ማራቶን ልመለስ አልመለስ ሐኪሞቹ እስካሁን አላወቁም፤ እኔም አላውቅም። የማራቶን ሰዓቴ እዚያው እንደቆመ ነው። ከዒድ በኋላ እናቴ ወደ አልዩ አምባ ተመልሳ እንደ ልማዷ ደወለች።

«ዘንድሮስ፣ ቀዷ አለብሽ?»

«ስድስት ቀን፣ እማ» አልኳት። በስልኩ ውስጥ እልል አለች።